ሦስተኛው አጀንዳ

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጣበቀ የቃለ ጉባኤ ደብተር ነው። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ የቴአትር ክበባችን ሰዎችም ዕጣ እንደወጣላቸው ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደዋል። ስለዚህ መልሺ የሚለኝ የለም። አንዳንድ ጊዜ ልጥለው አወጣውና ውስጡ ያለሁት እኔ መሆኔን አስታውሼ መልሼ ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ራስን እንዴት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥሉታል?

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ከዚሁ የማይርቅ ትምህርት ነው። ወረቀት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰው ነው፤ በተለይ ብዙ ሆኖ ሲያየኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ስለምፈራ፣ ቤቴ ኦሎምፒያ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ወሎ ሰፈር ድረስ የሄድኩበት፣ ከዚያም በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ወደ ክበቡ የወሰደችኝ ጠረጴዛችን የተጣበቀ የሥራ ጓደኛዬ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

«ለማንም።»

«በቃ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ቴአትር ነው፣ ጦርነት አይደለም።»

«መድረክ ላይ አልወጣም።»

«ማን ውጪ አለሽ? መጋረጃ ኋላ ቁጭ ብለሽ ቃሉ ለጠፋበት ሰው ታስታውሺዋለሽ። አንቺ ደግሞ አትረሺም። አምና የበላሁትን ሁሉ ነው የምትነግሪኝ።»

እውነቷን ነበር፤ ሥራው ለእኔ የተፈጠረ ነው። አሮጌ ቀይ መጋረጃ ኋላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የአሥራ አራት ሰው ቃል እከተላለሁ። አንዱ ሲደናቀፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት በሹክሹክታ እሰጠዋለሁ። ማንም አያየኝም። ከአባላቱ መካከል አንድም ቀን ያላስታወስኩት ሰው ቢኖር እሱ ነበር። መሪ ተዋናያችን ነው፤ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ ቀለም አይጠፋም። የራሱን ቃል ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ያውቅ ነበር። ልምምድ ሲያልቅ ወደ መጋረጃው ብቅ ብሎ «እኔ እኮ ሥራ ፈት አደረግኩሽ» ይለኝ ነበር። እኔ ወረቀቱን እሰበስባለሁ።

አዘጋጃችን ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። ከልምምድ በኋላ ወንበሩ ክብ ይሠራና ግምገማ ይደረጋል። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መፍትሔ፣ ኃላፊነት የወሰደ። ሁሉም በደብተሩ ይጻፋል፤ አዳራሹን የሚሰጠን ቢሮ በየጊዜው ቃለ ጉባኤ ስለሚጠይቅ ምንም ነገር ሳይጻፍ አይታለፍም። ከዚህ ሌላ እሑድ ጠዋት አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ብቻውን ይሰበሰብ ነበር። ጋሼ፣ ጸሐፊዋ፣ የመድረክ ዕቃ የሚያዘጋጀው ሰውዬ፣ ጓደኛዬ፣ እና እሱ። እኔ የኮሚቴ አባል ስላልነበርኩ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ማወቅም አላሰኘኝም።

ከዚያ ዋናዋ ተዋናይ ሥራ አግኝታ ሐዋሳ ሄደች። ከሴቶቹ መካከል ቃሏን ሙሉ በሙሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሼ መጋረጃውን በእጃቸው ገለጥ አድርገው «ነይ ውጪ፣ ልጄ» አሉኝ። ለሳምንት አልቅሼ ወጣሁ።

ድምፄ ቀስ በቀስ መጣ። ዓይኔ ግን አልመጣም። በሦስተኛው ገቢር ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ከተማውን ሊለቅ ይነሳል፤ ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ «ሂድ። ግን ዓይኔን እያየህ ሂድ» ትለዋለች። የቴአትሩ ልብ ይህች ናት። እኔ ደግሞ ይህንን ቃል የምናገረው የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ እያየሁ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን ሳይሆን ሸሚዜን ነው የምትወደው» አለ አንድ ቀን፤ ሰው ሳቀ።

«በሚቀጥለው ቲሸርት አድርገህ ና፣ መድረሻ ታጣለች» አለው የመድረክ ዕቃ የሚያዘጋጀው ሰውዬ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ በቃ አልመለስም ብዬ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ልምምድ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«በየት ነው የምትሄጂው?»

«በባምቢስ አድርጌ ወደ ኦሎምፒያ።»

«እኔም በዚያው ነኝ።»

በዚያ አልነበረም። ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ይህንን ያወቅኩት ከወር በኋላ ነበር፤ ሳውቅ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ የቤቱን መንገድ ትቶ በተቃራኒው ይሄዳል! ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሱ ብቻውን ሲመለስ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ አስብ ነበር።

ሁለት ወር ተኩል አብረን ሄድን። «ወራጅ አለ» ማለት ያስተማረኝ እሱ ነው። እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን፣ አጠገባችን ለሚያልፍ ለማንኛውም ታክሲ እንድጮህ ያደርገኝ ነበር።

«ጮክ በይ! ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል።»

«ወራጅ አለ።»

«አሁን ሹፌሩ ሳይሆን ጌታ ነው የሰማሽ። ደግሞ።»

«ወራጅ አለ!»

አንዱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እናት፣ መጀመሪያ ግቢ እንጂ!» አለኝ። መንገድ መሃል ቆሜ እንደዚያ የሳቅኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

አንድ ቅዳሜ ባምቢስ ላይ ዝናብ ያዘን። በሩን የዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልን፤ በስብሰን ነበር። ዝናቡ ሲረዝም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በወላጆች ቀን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እንዳነብ ተመርጬ ነበር። ማይክራፎኑ ፊት ቆሜ «የተከበራችሁ» ካልኩ በኋላ ድምፄ ጠፋ። ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ በማይክራፎኑ ይሰማ ነበር። ሜዳ ሙሉ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ብቻውን ማጨብጨብ ጀመረ፤ አባቴ ነበር። ቆሞ፣ ኮፍያውን ብብቱ ሥር ይዞ፣ እስክወርድ ድረስ ብቻውን አጨበጨበ። ይህን ለእሱ ስነግረው አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያንን ጭብጨባ ለእማዬ እንኳ አንስቼባት አላውቅም።

እሱ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ዝናቡ ሲያባራ ክንዱን ያዝኩት፤ እኔ ራሴ፣ ቀድሜ። እስከ ኦሎምፒያ ድረስ አልለቀቅኩትም።

በዚያው ሳምንት ለእማዬ ነገርኳት። በሕይወቴ ስለ ወንድ ልጅ ስነግራት የመጀመሪያዬ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

«የማን ልጅ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ እንጃ የማን ልጅ እንደሆነ። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው።»

«ይጾማል?»

«ይጾማል።»

«ያከብርሻል?»

«ቤቱ እዚያው ሆኖ እኔን ለመሸኘት እዚህ ድረስ ይመጣል።»

ይህን ስትሰማ «ቴአትሩን መጥቼ አያለሁ» አለች። «በማግስቱ እሑድ ለምሳ ይምጣ። ዶሮ እሠራለሁ።» እማዬ ለሰው ዶሮ ከሠራች ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ቴአትሩ ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው የክበቡ ጸሐፊ ቤታቸው ሊፈርስ ስለሆነ ከቤተሰቧ ጋር ሩቅ ተዛወረች፤ እስከ ካዛንቺስ መመላለስ አልቻለችም። ደብተሩን በሰው ላከችው። ጋሼ ተቀብለው ዞር ዞር አሉና «መዝገብ ቤት የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ? ያዢው በይ» አሉኝ። ጓደኛዬ ያን ቀን አልመጣችም። እሱ ገና ከሥራ አልወጣም ነበር። ማንም ምንም አላሰበም። ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ለቢሮ ቀርቦ ይመለሳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን ደመወዝ የሚከፈለኝ እንዲህ ያለውን ወረቀት እያነበብኩ ነው። ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ለገጾቹ ቁጥር ልሰጥ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የመጋቢቱ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስደርስ ሦስተኛው አጀንዳ እንዲህ ይላል፦

«የሦስተኛውን ገቢር በተመለከተ። ደካማ ጎን፦ ሴቷ ተዋናይ ከመድረክ ጓደኛዋ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻለችም። ከመጠን በላይ ታፍራለች። መፍትሔ፦ ከልምምድ ውጪ በመቅረብና በመሸኘት ማላመድ። ኃላፊነት የወሰደ፦ መሪ ተዋናዩ። ለባለጉዳይዋ እንዳይነገር ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ። ቀኑ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ከጠበቀኝ ቅዳሜ በፊት ያለው እሑድ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ብዬ ሦስተኛ አነበብኩት። ከዚያ ገልጬ ቀጠልኩ፤ ቢቀርብኝ ይሻል ነበር።

«የአፈጻጸም ሪፖርት፦ መሸኘት ተጀምሯል። መሳቅ ጀምራለች።»

«የአፈጻጸም ሪፖርት፦ መንገድ ላይ ጮክ ብላ መናገር ችላለች።»

የባምቢስ ዝናብ ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሑድ የተጻፈው ይኸው ነው፦

«የአፈጻጸም ሪፖርት፦ የፍርሃቷ መነሻ ታውቋል። በልጅነቷ በወላጆች ቀን ንግግር ስታነብ ድምፅዋ ጠፍቶ ተስቆባታል። ብቻቸውን ያጨበጨቡላት አባቷ በሕይወት የሉም። አስተያየት፦ ይህ ስሜት ለሦስተኛው ገቢር ይጠቅማል። ተዋናዩ በዚሁ እንዲቀጥል።»

አባቴ ኮፍያውን ብብቱ ሥር እንደያዘ እዚያ ገጽ ላይ ቆሟል። ለቢሮ በሚቀርብ ደብተር ላይ፣ በሰማያዊ ቢክ።

ጓደኛዬ ከምሳ ስትመለስ ደብተሩን ገልጬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። የራሷን ፊርማ አይታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ለአንቺ ብለን እኮ ነው። ማለቴ... ግምገማ ነዋ። ሰው ይረዳዳል።»

«እንዳይነገራት ይላል።»

«ብትሰሚ ትሸሺ ነበራ! አታውቂም ራስሽን?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ እኮ ኋላ ወደደሽ። እኔ አውቃለሁ፣ እየታየ!»

«የት ይላል?»

«ምኑ?»

«ኋላ እንደወደደኝ። ሌላው ሁሉ ተጽፏል። ይሄኛው የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ደብተሩን ዘግታ ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዎቻችን እንደተጣበቁ ናቸው፤ እኛ ግን የምናወራው ስለ ፋይል ብቻ ነው።

ቴአትሩን ለምን ያን ጊዜ እንዳልተውኩት ራሴን ጠይቄያለሁ። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፤ ምንም የማያውቁ ዘጠኝ ሰዎች ወራት ለፍተዋል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኑን ማየት መፈለጌ ነው። እዚያ ውስጥ ለእኔ የሆነ ነገር እንዳለና እንደሌለ የማውቅበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። ሳምንቱን ሁሉ ልምምድ ሲያልቅ ራሴን ያመኛል እያልኩ ብቻዬን ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እማዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ሻንጣውን አነሳ። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከሸሚዙ ቁልፍ ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁና ዓይኑን አየሁት።

«ሂድ» አልኩት። «ግን ዓይኔን እያየህ ሂድ።»

ቀጥሎ የእሱ ቃል ነው። «ከሄድኩ የምመለስ ይመስልሻል?» ማለት አለበት። አላለም። ሻንጣውን እንደያዘ ቀረ። ከንፈሩ ትንሽ ተከፈተና ተዘጋ። ማወቄን አወቀ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ቃል ጠፍቶት የማያውቀው ሰው ቃሉ ጠፋው፤ መጋረጃው ኋላ ደግሞ ሰው የለም፤ አስታዋሿ ፊቱ ቆማለች።

ልተወው ፈለግኩ። ሜዳ ሙሉ ሰው ሲያየው እንዴት እንደሚሆን ይወቀው ብዬ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ ግን አልቻልኩም። ሰው ፊት ድምፁ የጠፋበትን ሰው ማየት አልችልም።

«ከሄድክ የምትመለስ ይመስልሃል?» አልኩት። ቃሉን ገልብጬ እንደ ራሴ አደረግኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወጣ። ጭብጨባው ከእማዬ በኩል ጀመረ።

ሰው ሲበተን ወንበሩ እንደ ደንቡ ክብ ሠራ። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ዛሬ ምን ልበል!» አሉ። «ጸሐፊ፣ ያለፈውን አንብቢና እንጀምር።» ይህ በየስብሰባው የሚባል፣ ማንም የማይፈጽመው ነገር ነው። «ተነቧል ተብሎ ይያዝ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ተነሳሁና ደብተሩን ገለጥኩ።

ሦስተኛውን አጀንዳ አነበብኩ። ሪፖርቶቹንም አነበብኩ። አባቴ ያለበትንም። ድምፄ አልጠፋም። ወረቀቱም አልተንቀጠቀጠም፤ በመጨረሻው ረድፍ ሰው ቢኖር ይሰማኝ ነበር። ስጨርስ የማያውቁት ዘጠኙ እርስ በርስ ተያዩ። ጓደኛዬ ጫማዋን ታያለች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ በእርጋታ፤ «ዘዴ ነው። የመድረክ ሥራ እንዲህ ነው። ውጤቱን ደግሞ ዛሬ አየነው።»

ክፋት አልነበረባቸውም። በእውነት አንድ ነገር የጎደለ አልመሰላቸውም። ከዚያ በላይ መስማት ስላልፈለግኩ ደብተሩን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ። እሱ ተከትሎኝ በሩ ላይ ደረሰብኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲጀመር እንደዚያ ነበር። አልክድም። ኋላ ግን እውነት ሆነ። እምልልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ምን መቼ?»

«እውነት የሆነው። ቀኑን ንገረኝ።»

አሰበ። ዓይኔን እያየ ነበር የሚያስበው፤ ያ ነው የሚያመኝ። «ባምቢስ» አለ። «ዝናብ የያዘን ቀን። ክንዴን ስትይዢኝ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ።»

«ያን ቀን ቅዳሜ ነበር» አልኩት። «እሑድ ጠዋት ሪፖርት አድርገሃል።»

አፉን ከፈተ። መድረኩ ላይ እንደሆነው ሆነ። በዚህኛው ጊዜ ቃል አላቀበልኩትም።

እማዬ ከግቢው ውጪ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ፊቷ በርቷል። አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ፈለገችው።

«ልጁስ? አታስተዋውቂኝም?»

«ዛሬ አይሆንም።»

«ነገ ለምሳ ይደርሳል።»

«ነገም አይመጣም፣ እማዬ።»

ቆመች። «ዶሮው እኮ ተገዝቷል» አለች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ስለ ዶሮው ተወች። «ምን ተፈጠረ? ሻንጣውን ይዞ ቃል አጥቶ ሲያይሽ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያ ልጅ ይወድሻል። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው፣ እሷ ቦታ ግን ጨዋታ አልነበረችም።»

«ጎበዝ ተዋናይ ነው» አልኳት።

ክንዴን ያዘችኝና በባምቢስ አድርገን በእግራችን ሄድን። የሱቁን ታዛ ስናልፍ ቀና ብዬ አላየሁም።

ማታ ቤት ገብቼ የዕለቱን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር መተው አልወድም። የተገኙ አባላት። ጠንካራ ጎን፦ አዳራሹ ሞልቷል፤ የሴቷ ተዋናይ ድምፅ ተሰምቷል። ደካማ ጎን፦ መሪ ተዋናዩ በሦስተኛው ገቢር ቃሉን ረስቷል። ከዚያ «ምክንያት» ብዬ ጻፍኩና ቢኩን ይዤ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። እማዬ ያየችውን ልጽፍ እችል ነበር። እኔ የማውቀውንም ልጽፍ እችል ነበር።

ባዶውን ተውኩት። ማንም አልፈረመበትም።